ከጓሮ አፈር የሚወጣው ድምጽ የማን ነው?

የጓሮ ሰው
ሰላም ቤቶች። አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ ያለባት አንዲት መደብ አለች፤ አፈሯ ዋልካ ነው። ሰሞኑን ኢንተርኔቱን "አፈር ይዘምራል" የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተውታል። ሽቦ ይተክላሉ፣ አንድ ሳጥን ላይ ይሰካሉ፣ ከዚያ ደስ የሚል ሙዚቃ ይወጣል። እኔም ልሞክረው አልኩ።

ያደረግኩት ይኸውላችሁ። በአንድ በኩል ከወፍራም የመብራት ገመድ የተላጠ መዳብ፣ በሌላ በኩል የቆርቆሮ ሚስማር፣ መካከላቸው አንድ ክንድ። በቴስተር ሳየው 0.8 ቮልት አካባቢ ይላል። ከዚያ በካፓሲተር አሳልፌ ኤልኤም 386 የምትባል ትንሽ አምፕሊፋየር (ድምጽ ማጉያ ቺፕ) ውስጥ አስገባሁትና ኢርፎን ሰካሁ። "ህምምም" የሚል ወፍራም ድምጽ ይሰማል። በመሃል በመሃል ቅጭጭ የሚል ነገር አለ። ውሃ ሳጠጣ ድምጹ ይለወጣል።

ጥያቄዬ፦ ይሄ የአፈሩ ድምጽ ነው ወይስ የሽቦዬ?

ጋሽ ካፓሲተር
ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ሌላው ሳይጠይቅ ነው ቪዲዮ የሚለጥፈው።

0.8 ቮልቱ ባትሪ ነው። የሠራኸው አንተ ነህ፣ አፈሩ አይደለም። የቆርቆሮ ሚስማር በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክና መዳብ እርጥብ ነገር ውስጥ ሲገቡ ዚንኩ እየተበላ ኤሌክትሮን ይሰጣል። መጽሐፍ ላይ ልዩነታቸው 1.1 ቮልት ነው፤ አፈር ውስጥ ከዚያ ያንሳል። አሌክሳንደር ቤይን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1840ዎቹ ዚንክና መዳብ መሬት ቀብሮ የኤሌክትሪክ ሰዓት አንቀሳቅሶበታል። እንግዲህ የቆየ ጨዋታ ነው። ሚስማሩን ንቀልና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ መዳብ ትከል። ቮልቱ ወደ ዜሮ ጠጋ ካላለ መጥተህ ውቀሰኝ።

ህምምም የሚለው ደግሞ መብራት ነው። 50 ኸርዝ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ። የሰፈሩ ኧርዝ ሁሉ መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ የሚያፈተልከው ከረንት አፈሩን አቋርጦ ነው የሚመለሰው። ሁለት ቦታ ሽቦ ከተከልክ በመካከላቸው ያለችውን ልዩነት ትቀበላለህ። በዚያ ላይ ረጅም ገመድ ራሱ አንቴና ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መብራት እስኪሄድ ጠብቅና አዳምጥ።

ቤዝ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሃሃ እኔ እዚህ መብራት እስኪሄድ ብጠብቅ አረጃለሁ። ግን ጋሼ ልክ ነዎት። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ትወድቃለች፣ የማንም አይደለችም። የናንተዋ 50 ከሶል ትንሽ ከፍ ትላለች። የጓሮ ሰው፣ ቤዝ ጊታር ያለው ጓደኛ ካለህ በወፍራሙ ክር ሶስተኛው ፍሬት ላይ ያዘውና አመሳክር። ለጥቂት ነው የምትስተው።

የጓሮ ሰው
መብራት ሄደ! በሕይወቴ መብራት ሲሄድ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ኢርፎኔን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ህምምሙ ጭጭ ብሏል። የቀረው ሽሽሽ የሚል የአምፕሊፋየሩ ድምጽና ያ ቅጭጭታ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤት ጀነሬተር አስነሳ። ህምምሙ ተመለሰ፤ ግን ደከም ብሎ፣ ደግሞ እየተወላገደ። የሆነ ከባድ ነገር ሲነሳ ድምጹ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመጣል። በኋላ ስጠይቀው ፍሪጁ ነው። የሰውየውን ፍሪጅ በጎመኔ ሥር ነው የሰማሁት።

ሚስማሩንም በመዳብ ቀየርኩ። ቴስተሩ አሁን የሚያሳየው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ እሱም ይዋልላል። ጋሼ፣ አልወቅስዎትም። ግን ቅጭጭታው ምንድነው? እነዚህ ጥቂት ሚሊቮልቶችስ?

ቴሉሪክ
እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ቅጭጭታው ከሁለት አንዱ ነው። ሽቦህን በጣትህ ነካ ነካ አድርገው። ያው ድምጽ ከመጣ የላላ ግንኙነት ነው። ካልመጣ መብረቅ ሊሆን ይችላል። መብረቅ በጣም ሩቅ ቢወድቅም በጆሮ ድግግሞሽ ክልል ውስጥ የሚገባ የራዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ አምፕሊፋየር ካለህ በቀጥታ ትሰማዋለህ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል።

መሬትን በሽቦ ማዳመጥ ታሪክ ያለው ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመስክ ስልክ ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ሽቦ ነበር፤ ከረንቱ የሚመለሰው በመሬት ነው። ጀርመኖች ብረት ተክለው፣ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር አያይዘው፣ ከወዲያኛው ምሽግ የሚወራውን ያዳምጡ ነበር። ሃይንሪክ ባርክሃውዘን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እዚያ ሥራ ላይ ሳለ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚወርድ ፉጨት ሰማ። በ1919 ጻፈው። ከመሣሪያው ይሁን ከሰማይ መለየት ቀላል አልነበረም። በ1953 ኦወን ስቶሪ ምክንያቱን አብራራ፦ የመብረቁ ሞገድ በምድር መግነጢሳዊ መስመር ላይ ወጥቶ ወደ ሌላው ንፍቀ ክበብ ይሻገራል፤ መንገድ ላይ ቀጭኑ ድምጽ ይቀድማል፣ ወፍራሙ ይዘገያል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ፉጨቱን አትጠብቅ። ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በጣም ቅርብ ነን፤ እዚህ መስመሮቹ ከመሬት ጋር ትይዩ ናቸው፣ ወደ ሰማይ አያወጡም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ቦታው የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ለወገቡ ያለን ቅርበት ነው። ስለዚህ ቅጭጭ ይበቃሃል።

ወደ ሚሊቮልቶቹ ልምጣ። አፈር ውስጥ የራሱ የሆነ ቮልቴጅ አለ፤ በጣም ዝግ ያለ ነው እንጂ። ውሃ በአፈር ቀዳዳዎች ሲያልፍ ቻርጅ ይዞ ስለሚሄድ በሚገባበትና በሚደርስበት መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ጎመኑን ስታጠጣ የሚሆነው አንዱ ይሄ ነው። የጨው ክምችት ልዩነትም አለ። ሮበርት ፎክስ በ1830 ኮርንዎል ውስጥ የመዳብ ማዕድን ባለበት መሬት ላይ ይህን ዓይነት ቮልቴጅ ለክቶ ነበር፤ ዛሬም የማዕድንና የውሃ ፍለጋ ዘዴ ነው።

ሌላው ከሰማይ የሚመጣው ነው። የምድር መግነጢስ ሲዋልል መሬት ውስጥ ከረንት ይነዳል። እኛ በሙያው ስንለካው ኤሌክትሮዶቹን (መሬት የሚገቡትን መለኪያዎች) በአሥራዎች ሜትር አራርቀን ነው የምንቀብረው። አሉቶ ላንጋኖ ያለው የእንፋሎት መስክ በዚህ ዘዴ ተጠንቷል። ግን መጠኑን እየው፦ 10 ሚሊቮልት በኪሎ ሜትር ብንል ጓሮህ 10 ሜትር ከሆነ የሚደርስህ 0.1 ሚሊቮልት ነው። የመዳብ ሽቦህ የራሱ መዋለል ከዚያ ይበልጣል። የጸሐይ ማዕበል በጎመን መደብ ሰማሁ የሚል ቪዲዮ ካየህ እለፈው።

ወይኒ አፈር
ቴሉሪክ ሕይወት ያለውን ረሳኸው። ጂኦባክተር የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በ1987 አካባቢ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ነው የተገኘው። (ቤዝ፣ ደጃፍህ ነው።) ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲበላ የሚያስወግደውን ኤሌክትሮን ለብረት ማዕድን ይሰጣል። አጠገቡ ካርቦን ካገኘ ለካርቦኑ ይሰጣል።

ለመሥራት አይከብድም። ካለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ውስጥ ጥቁሩን የካርቦን ዘንግ አውጡ። ጥቁሩ ዱቄት እንዲለቅ በደንብ እጠቡት። አንዱን ዘንግ ውሃ በተኛበት ጭቃ ሥር ቅበሩ፣ ሌላውን ውሃው ላይ አየር እንዲያገኝ አድርጉ። የመጀመሪያ ቀን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ከቀናት በኋላ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ካርቦን ስለሆኑ "ሚስማሩ ነው" የሚል ሰው አይመጣም። ለኔ ከሁሉም የአፈር ድምጽ ለመባል የሚቀርበው ይሄ ነው።

ስለ ዋልካ ደግሞ፦ ሸክላነቱ ብዙ ቻርጅ ይይዛል፣ እርጥብ ሲሆን ከረንት በደንብ ያስተላልፋል። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። የተከልከው ሽቦ ዳር ስንጥቅ ከተፈጠረ አየር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቅጭጭታህ በበጋ ከበዛ መብረቅ ፍለጋ አትሂድ፣ ስንጥቁን እይ።

ዝምታ ወርቅ ነው
እና ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ጎመኑ ይጣፍጣል?

ወይኒ አፈር
አይጣፍጥም።

ቤዝ ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ሙዚቃውን ነው የምፈልገው። እነዚያ ቪዲዮዎች ላይ ያለው ሳጥን ምን እንደሚሠራ ገብቶኛል። ተክል ላይ የሚለጠፉትም ያው ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መቋቋም ሲለወጥ ቁጥር ይይዙና ኖታ ያደርጉታል። ታዲያ የአፈሩን ቁጥር በትዝታ ቅኝት ብናስገባውስ? አምስት ድምጽ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሚሊቮልቱ ሲወጣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከሥር የክራር ድምጽ ብንሰጠው የሰው ዓይን እንባ ያቀራል።

ቴሉሪክ
ችግሩ እሱ ነው! በትዝታ ካስገባኸው የሞባይል ካርድ ቁጥርም እንባ ያስቀራል። አምስቱ ድምጾች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመጡ ያምራሉ። ሰሚው የሚያመሰግነው አፈሩን ነው፣ የሠራው ግን ቅኝቱ ነው።

ቤዝ ሲልቨር ስፕሪንግ
ቢሆንስ? ክራር ሠሪም እንጨቱን ይመርጣል እንጂ እንጨቱ ዘፈን አልጻፈም። እኔ አፈሩ ዘፈነ አልልም፣ አፈሩ መራኝ ነው የምለው።

ጋሽ ካፓሲተር
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ቤዝ፣ እንደፈለግህ ዝፈን። ከሥሩ ግን "ይህን ያህል ሚሊቮልት ይህን ኖታ ሆነ" ብለህ ጻፍ። አለቀ። የኔ ቅሬታ ባትሪውን "የአፈር ነፍስ" ብለው የሚሸጡት ላይ ነው።

አሁን የጓሮ ሰው በርካሽ የሚሠራው ነገር ልስጥህ። 555 ታይመር የሚባል ምት የሚያወጣ ትንሽ ቺፕ ገበያ ላይ ሞልቷል። በተለመደው አሠራሩ ላይ ካሉት ሁለት ሬዚስተሮች ሁለተኛውን አውጣና በቦታው አፈሩን አስገባ፣ ሁለት መዳብ ተክለህ። ካፓሲተሩ 100 ናኖፋራድ፣ የመጀመሪያው ሬዚስተር 1 ኪሎ ኦም ይሁን። አፈሩ እርጥብ ሆኖ 10 ኪሎ ኦም ቢሆን ወደ 690 ኸርዝ ይጮሃል። ደርቆ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን ወደ 70 ኸርዝ ይወርዳል። ውሃ ስታፈስ ድምጹ ሽቅብ ሲወጣ ትሰማለህ፤ ልጆች ይወዱታል። ግን እወቀው፦ እዚህ ከረንቱን የምትሰጠው አንተ ነህ። እርጥበት መለኪያ ነው። አፈሩ የሚናገረው ስትጠይቀው ብቻ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ለጠየቅከው፣ ጥቅሙ ይኸውልህ፤ ጎመኑ ውሃ ሲጠማው በጆሮህ ታውቃለህ።

የጓሮ ሰው
555ቱን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ግን ልቤ ያለው ዝግተኞቹ ሚሊቮልቶች ላይ ነው። ጆሮዬ ከ20 ኸርዝ በታች አይሰማም። የአፈሩ ለውጥ ደግሞ ደቂቃና ሰዓት ይፈጃል። እንዴት ነው የምሰማው?

ቴሉሪክ
ቀድተህ ታፈጥነዋለህ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሰከንድ 10 ንባብ ብትወስድ በ24 ሰዓት 864,000 ንባብ ይሆናል። እሱን በተራ የሙዚቃ ፋይል ፍጥነት፣ በሰከንድ 44,100 ብታጫውተው 19.6 ሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ሃያ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ። ውሃ ያጠጣህበት ሰዓት፣ ዝናቡ፣ ሁሉም የየራሱ ድምጽ ይኖረዋል። የቀንና የሌሊቱ ዑደት ግን ያኔም አይሰማህም። እሱን በ50 ኸርዝ መስማት ከፈለግህ ዓመት ሙሉ ቅዳ፤ ዓመቱ 7 ሰከንድ ገደማ ይሆናል።

ከመጀመርህ በፊት ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ መለኪያው። አርዱዪኖ የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ የራሱ መግቢያ በ5 ቮልት አንድ ደረጃው 4.9 ሚሊቮልት ነው፤ ጨዋታው ከዚያ በታች ስለሆነ አይበቃህም። ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ኤዲኤስ 1115 የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ግዛ። በከፍተኛው ጌይን (የማጉላት ደረጃ) አንድ ደረጃው 7.8 ማይክሮቮልት ነው። ሁለቱን ኤሌክትሮድ በዲፈረንሻል (የሁለቱን ልዩነት በሚለካው መንገድ) አስገባ፣ አንዱን ግን በሁለት እኩል ሬዚስተር ግማሽ ቮልቴጅ ላይ አስቀምጠው። ከዜሮ በታች ሲወርድ አያነብልህም።

ሁለተኛው ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነው። ያ 50 ኸርዝ አልሄደም። በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ስትለካ 50ው ራሱን ቀይሮ ይመጣል። የመስመሩ ድግግሞሽ በትክክል 50 ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ወደ 49.8 ሲወርድ ግን በየ5 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ታያለህ። ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ "አፈሩ ይተነፍሳል" ያሰኛል። የትራንስፎርመር ማዕበል ነው። ከመለኪያው በፊት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ከ0.16 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ 50ውን ወደ ሦስት መቶ እጥፍ ያዳክምልሃል።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሮዱ። ባዶ መዳብ አፈር ውስጥ ራሱ ይዋልላል። ባለሙያ የሚጠቀመው ባለ ቀዳዳ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የኮፐር ሰልፌት (ሰማያዊ የመዳብ ጨው) ውሃ ሞልቶ መዳቡን እዚያ ውስጥ በመንከር ነው። ውሃው ጨውን እስከማያሟሟ ድረስ ጨምርበት፣ ከታች ያልሟሟ ይኑር። እሱም ሙቀት ይነካዋል፤ በ1 ዲግሪ ወደ 0.9 ሚሊቮልት ይለወጣል። ሁለቱ እኩል ቢሞቁ ይጣፋ ነበር፣ አንዱ ጥላ ሌላው ጸሐይ ላይ ሲሆን ግን የምትቀዳው ጸሐይን ነው። ስለዚህ ወደ ግማሽ ክንድ ጥልቀት ቅበራቸው።

ጋሽ ካፓሲተር
እኔም ልጨምር። ሁሉም ነገር በባትሪ ይሁን። ግድግዳ ላይ የተሰካ አምፕሊፋየር ወይም ቻርጅ ላይ ያለ ላፕቶፕ መሬት ከተተከለ ሽቦ ጋር አታገናኙ፤ በኢርፎን በኩል ጆሯችሁ ላይ የሚመጣው ሙዚቃ አይደለም። ከቤቱ የኧርዝ ብረትም ራቁ። ቴሉሪክ የመብረቅ ቅጭጭታ አለ ብሎ ነጎድጓድ ሲያንጎደጉድ ወደ ጓሮ የሚወጣ እንዳይኖር። ሩቅ ያለውን መብረቅ እንጂ አናት ላይ ያለውን አይደለም የምናዳምጠው።

የጓሮ ሰው
ሰንብቼ መጣሁ። የሸክላ ኤሌክትሮዱን ገና አልሠራሁም፣ በሁለት መዳብ ነው የቀዳሁት፤ ጥልቅ አድርጌ ቀበርኳቸው። ፊልተሩ ገብቷል።

ያፈጠንኩት ፋይል በአብዛኛው ዝም ያለ ነው። የሩቅ ንፋስ የመሰለ ሹክሹክታ አለ። ያጠጣሁበት ቦታ ላይ ግን "ዱብ" ይላል፤ ከዚያ ተከትሎ እየሟሸሸ የሚሄድ ነገር አለ። ቁጥሩን ሳየው ውሃው ሲፈስ ሚሊቮልቱ በአንዴ ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሰዓታት ይወስድበታል። ዋልካው ውሃውን ቀስ እያለ ሲጠጣ ነው ብዬ ገመትኩ። ሌሊቱ ንጹህ ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ምክንያቱ ያልገባኝ ትንንሽ ጠብ ጠብ አለ።

ወይኒ አፈር
የጠዋቱ ጎመኑ ውሃ መሳብ ሲጀምር ሊሆን ይችላል፤ ጸሐይ ስትወጣ ሥሩ ዙሪያ የውሃው እንቅስቃሴ ይለወጣል። ወይም ዶሮ። ዶሮ አለህ?

የጓሮ ሰው
አለኝ። 😅

ወይኒ አፈር
እንግዲያው መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስርና እንደገና ቅዳ። ከዚያ ጎመን የሌለበት ባዶ አፈር ላይ ሌላ ጥንድ ቅበር። ሁለቱ ጋ ጠብታው ከመጣ ጎመኑ ነጻ ነው።

ቤዝ ሲልቨር ስፕሪንግ
ያቺን ዱብታ ላክልኝ። በትዝታ አላስገባትም፣ ቃል። አንድ ወፍራም ድምጽ ይዤ ሚሊቮልቱ ድምጹን እንዲጎትተው ነው የማደርገው፤ 20 ሚሊቮልት አንድ ኦክታቭ። ቅኝት የለም፣ ደረጃ የለም፤ እንደ መሲንቆ ይንሸራተታል። ቴሉሪክ ይሄስ ያስማማናል?

ቴሉሪክ
ያስማማናል። 20ዋን ግን ጻፋት።

የጓሮ ሰው
እሺ እልካለሁ። የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። ኮፐር ሰልፌቱ ጎመኑን አይጎዳም? ደግሞ የሸክላ ዕቃው ባለ ቀዳዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ወይኒ አፈር
ይጎዳል። ፈንገስ ለመግደል የሚረጭ ነገር ነው፤ ሲበዛ የአፈሩን ትላትልና ባክቴሪያም አይምርም። የሚበላ ነገር ካለበት መደብ ውጪ ቅበረው፣ ልኬቱ ሲያልቅ አውጣው፣ ዕቃውን ዳግመኛ ለምግብ እንዳትጠቀምበት። ልጆች ካሉ ዱቄቱን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፤ ሰማያዊነቱ ከረሜላ ይመስላቸዋል።

ጋሽ ካፓሲተር
ለሸክላው፦ ቀለም ወይም ዘይት ያልነካው አዲስ ይሁን፤ ቡና የፈላበት ጀበና አይሆንም። ውሃ ሙላውና ደረቅ ጋዜጣ ላይ አሳድረው። ጠዋት ጋዜጣው ወዝቶ ዕቃው ውስጥ ያለው ውሃ ብዙም ካልጎደለ ገዝተሃል። ጋዜጣው ከደረቀ ሌላ ፈልግ። ዕቃው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ጋ መልሰው፣ ተሰንጥቋል።